ሽታው ስለሚነቀፈው የቧንቧ ውሃ

ከሊሙ ገነት እስከ ጅማ ያለው የቡና አገር ዝናብ የማይነጥፍበት በመሆኑ፣ ነዋሪው ስለ ውሃ ንጽሕና እምብዛም ሲጨነቅ አይታይም። የጅማ ከተማ የመጠጥ ውሃ ከግልገል ጊቤ ወንዝ ተስቦ በቦዬ ማጣሪያ ጣቢያ ይሰናዳል፤ ጭቃው በአሉም ይረጋል፣ ከዚያም በአሸዋ ይጣራል፤ ይህ ለማንም ግልጽ ነው። እኔ ክብሩ ተጓደለበት የምለው በመጨረሻ የሚጨመረውን ክሎሪን ነው።

በጅማ በእንግድነት በገባሁበት ቤት አንዲት ደግ እመቤት የቀዱልኝን ውሃ መልሰው አንስተው፣ «መድኃኒት መድኃኒት ይላል፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የምንጩን ላምጣልዎ» ቢሉኝ፣ ብርጭቆውን ከእጃቸው ተቀብዬ በደስታ ጠጣሁት፤ ያ ቀላል ሽታ ክሎሪኑ ከጣቢያው ተነሥቶ ኃይሉን ሳይጨርስ እስከ ጓዳ መድረሱን ይመሰክራልና። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት ውሃው ከተጠቃሚው ዘንድ ሲደርስ ቢያንስ በሊትር 0.2 ሚሊግራም ነጻ ክሎሪን ሊተርፍበት ይገባል። የምንጩ ውሃ ግን ምንም ኩልል ብሎ ቢታይ፣ ኮሌራንና የአንጀት ተስቦን የሚያመጡት ረቂቃን ተሕዋስያን ለዓይነ ሥጋ የተሰወሩ ስለሆኑ፣ ጥራቱ ለንጽሕናው ምስክር ሊሆን አይችልም።

ትራፊው ለምን አስፈለገ ቢሉ፣ ውሃ በፈረቃ በሚታደልበት ከተማ መሥመሩ ሲዘጋ ግፊቱ ስለሚጠፋ፣ በላላው መጋጠሚያና በተሰነጠቀው ቧንቧ በኩል የጎርፍ ቦዩና የመጸዳጃ ጉድጓዱ እርጥበት ወደ ውስጥ ሊሳብ ይችላል፤ ውሃው ሲለቀቅም ቧንቧው አየር ሲተነፍስ ይቆይና ጠጅ የመሰለ ድፍርስ ይተፋል። ያን ጊዜ የገባውን እድፍ የሚጋፈጠው ያ የተነቀፈው ትራፊ ነው።

እድፍ ከበዛ ግን የክሎሪን ኃይል ያልቃል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ እሸት ቡና የሚፈለፍሉ ጣቢያዎች ገለባውንና ዝልግልጉን ወደ ወንዝ ሲለቁ፣ ጣፋጩን የሚበሉት ተሕዋስያን የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሱትና ወንዙ ጠቁሮ ይከረፋል፤ ከታች ያለው ሰው ከዚያ ቀድቶ ውሃ አጋር የተባለውን የቤት ውስጥ ክሎሪን ቢጨምርበት፣ መድኃኒቱ ከበሽታው ሳይደርስ በዝቃጩ ላይ ያልቃል። የሊሙ ቡና ስሙ በዓለም የተጠራው በታጠበው ነውና፣ ባለ ጣቢያዎች የፍሳሽ ጉድጓድ ሳያዘጋጁ ማጠባቸው ከቶ የሚገባ አይደለም።

እናንተም ባለቤቶች፣ ጄሪካኑ በውስጡ አረንጓዴ ልባጥ ይዞ ሳለ አትሙሉት፤ ኩባያ ከነእጅ እየነከራችሁ አትቅዱ፤ ክዳኑን ከፍታችሁ ፀሐይ ላይ አታቆዩት፤ ከፈረቃ በኋላ የሚመጣውንም የመጀመሪያ ድፍርስ ለወለል ማጠቢያ አድርጉት እንጂ ለሕፃን አታጠጡ።