በደካማ ማግኔት የአንጎልን ውስጥ ማየት

የሰው አካል አብዛኛው ክፍል ውሃ ነው። ውሃም የሃይድሮጂንና የኦክሲጅን ውሁድ በመሆኑ በአካላችን ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌላቸው የሃይድሮጂን አቶሞች ይገኛሉ። የእያንዳንዱ አቶም እምብርት፣ ማለትም ፕሮቶኑ፣ እንደ አንዲት ደቃቅ ማግኔት ነው። ኤም አር አይ የሚባለው የሕክምና መሣሪያ የሚሠራው በዚህ ባሕርይ ነው። ሕመምተኛው በማግኔት መካከል ሲጋደም ፕሮቶኖቹ የማግኔቱን አቅጣጫ ተከትለው ይሰለፋሉ፤ የራዲዮ ሞገድ ሲላክባቸው ከሰልፋቸው ይዛነፋሉ፤ ሞገዱ ሲቋረጥም እነርሱ በተራቸው ደካማ የራዲዮ ምልክት ይሰጣሉ። ኮምፒዩተር ይህን ምልክት እየለቀመ ወደ ሥዕል ይለውጠዋል። አሜሪካዊው ሊቅ ፖል ላውተርበር በዚህ መንገድ ሥዕል ማውጣት እንደሚቻል ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1973 ነበር።

ፕሮቶኖቹ ይሰለፋሉ ሲባል ግን ሁሉም ማለት አይደለም። በብዙ ሆስፒታሎች የሚሠራበት ማግኔት ኃይሉ 1.5 ቴስላ ሲሆን፣ ይህም ከመሬት መግነጢሳዊ መስክ 30,000 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ሆኖም ከአንድ ሚሊዮን ፕሮቶኖች መካከል ወደ ማግኔቱ አቅጣጫ በትርፍነት የሚያዘነብሉት 5 ያህል ብቻ ናቸው፤ የቀሩት እርስ በርሳቸው ይጣፋሉ። ሥዕሉ የሚገኘው ከነዚህ ጥቂቶች ነው። መሐንዲሶች የማግኔቱን ኃይል ለማሳደግ የተጉትም ስለዚህ ነው።

ኃይሉ ሲያድግ ወጪውም አብሮ አደገ። የዚህ ማግኔት የሽቦ ጥቅል ኤሌክትሪክን ያለ አንዳች እንቅፋት እንዲያስተላልፍ በፈሳሽ ሂሊየም ከዜሮ በታች እስከ 269 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀዘቅዛል። መሣሪያው ብዙ ቶን ይመዝናል፤ ከውጭ የሚመጣ የራዲዮ ሞገድ እንዳይረብሸው በብረት የተለበጠ ክፍል ያስፈልገዋል፤ የማያቋርጥ የኤሌክትሪክ ኃይልና የሠለጠነ ጠጋኝም ይፈልጋል።

አሁን አንድ ሕፃን እናስብ። በአንጎል ውስጥ ዘወትር የሚመነጭ ፈሳሽ አለ። መውረጃው ሲዘጋ ፈሳሹ ይጠራቀማል፤ የሕፃኑ የራስ ቅል አጥንቶች ገና ያልተጋጠሙ ስለሆኑ ጭንቅላቱ ያብጣል፤ በጊዜ ካልታከመም አንጎሉ ይጎዳል፣ ሕይወቱም ሊያልፍ ይችላል። ቀዶ ጥገና የሚያደርገው ሐኪም ማወቅ የሚሻው ፈሳሹ የት እንዳለና ምን ያህል እንደሆነ ነው። ይህ ደግሞ የፀጉር ስንጥቅ የሚያህል ነገር አጉልቶ ማየትን አይጠይቅም። ፈሳሹ ከአንጎሉ ሥጋ ተለይቶ ከታየ ይበቃል። በኤክስ ሬይ የሚሠራው ሲቲ ስካንም ይህን ያሳያል፤ ነገር ግን ሕፃኑ ደጋግሞ መታየት ስላለበት ጨረሩ ያሳስባል።

በዩጋንዳ ምባራራ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው መሣሪያ የመነጨው ከዚህ ችግር ነው። የማግኔቱ ኃይል 50 ሚሊቴስላ፣ ማለትም ከ1.5 ቴስላ አንድ ሠላሳኛው ነው። ሂሊየም የለውም፤ ኤሌክትሪክ የሚበላ የማግኔት ጥቅልም የለውም። ትናንሽ ቋሚ ማግኔቶች በ23 ቀለበቶች ላይ ተደርድረው፣ መስካቸው በቀለበቱ ውስጥ እንዲደመር፣ በውጭ ግን እንዲዳከም ተደርጓል። ዕቃዎቹ ከኔዘርላንድስ በአውሮፕላን መጡ፤ 4 አሠልጣኞችና ሥራውን ከዚያ በፊት የማያውቁ 6 ሰዎች ሆነው ገጣጠሙት። ዕቃው ከደረሰበት ቀን እስከ መጀመሪያው ሥዕል የፈጀው 11 ቀን ያህል ነበር። ሥራውን የሚገልጸው ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ2023 ታትሟል።

ዋጋው የሚከፈለው በሥዕሉ ጥራት ነው። በዚህ መስክ ውስጥ በትርፍነት የሚያዘነብለው ከ6 ሚሊዮን ፕሮቶኖች አንዱ ያህል ነው። ስለዚህ ልኬቱ እየተደጋገመ ይደመራል፤ እውነተኛው ምልክት ሲጠነክር፣ ወዲያና ወዲህ የሚዋልለው ሁከት ይጣፋል። ይሁን እንጂ 4 ጊዜ መለካት ጥራቱን የሚያሳድገው 2 እጥፍ ብቻ ነው፤ አንድ ሕፃን ደግሞ ሳይንቀሳቀስ ለረጅም ጊዜ አይተኛም። ጥቃቅን ዕጢ የሚፈልግ ሐኪም አሁንም ወደ ትልቁ ማግኔት መሄዱ አይቀርም። በምባራራ ያለው መሣሪያ ግን ጎማ ባለው የአሉሚኒየም ጋሪ ላይ የተጫነ ስለሆነ ወደ ሕመምተኛው አልጋ እየተገፋ መሄድ ይችላል።