እግር የማያስቀምጥ ብሉዝ

ብሉዝ ለእኔ ሁሌም እንጉርጉሮ ነበር። ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ያስደመጠኝ የሙዚቃ ቡድን ግን ይህን እምነቴን አፈረሰብኝ። ካሮላይና ቾኮሌት ድሮፕስ ይባላል፤ ሪያነን ጊደንስ፣ ዶም ፍሌመንስና ጀስቲን ሮቢንሰን የተባሉ ጥቁር አሜሪካውያን ወጣቶች እ.ኤ.አ. በ2005 በሰሜን ካሮላይና የመሠረቱት ነው። ባንጆና ቫዮሊን ይጫወቱ፣ ባዶ እንስራ በአፋቸው እየነፉ እንደ ቤዝ ያስጮኹ ነበር። ቁጭ ብሎ ማዳመጥ ያስቸግራል!

ባንጆን የነጭ ገበሬ መሣሪያ አድርጌ ነበር የማስበው። ተሳስቻለሁ። ከቅልና ከቆዳ መጀመሪያ የሠሩት በባርነት የተጋዙ አፍሪካውያንና ልጆቻቸው ናቸው። ነጮች የወረሱት በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ ፊታቸውን ጥላሸት ቀብተው በጥቁሮች ላይ በሚያላግጡበት መድረክ ጭምር ነው። ከዚያ በኋላ ጥቁሮቹ ቀስ በቀስ ተዉት፤ የማን እንደነበረም ተረሳ።

ሦስቱ ወጣቶች ታዲያ ሐሙስ ሐሙስ ማታ ሜባን ወደምትባል ትንሽ ከተማ እየሄዱ፣ ያኔ 86 ዓመታቸው ከነበረው ከቫዮሊን ተጫዋቹ ከጆ ቶምፕሰን ዜማውን በጆሯቸው ተማሩ። በ2006 አልበም ያወጣላቸውም ትልቅ ኩባንያ ሳይሆን፣ አረጋውያን ሙዚቀኞችን የሚረዳ ሚውዚክ ሜከር የተባለ በጎ አድራጎት ድርጅት ነው።

ሕግ ያጠና ሰው «ባለቤቱ ማነው?» ማለቱ አይቀርም። የአብዛኞቹ ዜማዎች ደራሲ አይታወቅም። በሕግም የማንም አይደሉም፤ የሚያውቃቸው ሰው ሲሞት አብረው ይቀበራሉ።

ቡድኑ በ2011 ግራሚ ሲሸለም አዛውንቱ በሕይወት ነበሩ። ያረፉት በዓመቱ ነው።