የቀጣና ጥናት በዩኒቨርሲቲ፦ ቋንቋ ይቅደም

የዩኒቨርሲቲ ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈለው በሙያ ነው፤ ታሪክ፣ ኢኮኖሚክስ፣ ሕግ፣ አንትሮፖሎጂ እየተባለ። የቀጣና ጥናት ግን መነሻው ምድር ነው። ተማሪው አንድ የዓለም ክፍል ይመርጣል፤ አፍሪካን፣ መካከለኛው ምሥራቅን፣ ምሥራቅ እስያን ወይም ላቲን አሜሪካን። ከዚያ የዚያን ክፍል ቋንቋ፣ ታሪክ፣ ፖለቲካ፣ ሃይማኖትና ሥነ ጽሑፍ አንድ ላይ ይማራል። ዋና ትምህርቱ አድርጎ ሊመረቅበት ይችላል፤ ይህ ሜጀር ነው። በሌላ ሙያ እየተመረቀም ጥቂት ኮርሶችን ሊደርብ ይችላል፤ ይህ ማይነር ነው። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ሜጀሩ አሥር ወይም አሥራ ሁለት ኮርስ፣ ማይነሩ አምስት ወይም ስድስት ኮርስ አካባቢ ይሆናል። እንደየተቋሙ ከፍ ዝቅ ይላል።

ኮርሶቹን የሚያስተምሩት መምህራን በአብዛኛው የቀጣና ጥናት ማዕከሉ ብቻ አይደሉም። የታሪኩ መምህር ከታሪክ ክፍል፣ የፖለቲካው ከፖለቲካ ሳይንስ ይመጣሉ፤ ማዕከሉ ያገናኛቸዋል። ይህ አሠራር ለተማሪው ሰፊ በር ይከፍታል። በሌላ በኩል ማዕከሉ የራሱ ቋሚ መምህር ስለሚያንሰው በጀት ሲጠብብ መጀመሪያ የሚነካው እሱ ነው።

በአውሮፓ ትምህርቱ ከቋንቋ ትምህርት ቤቶች የወጣ ነው። የኔፕልሱ ሎሪየንታሌ ከ1732፣ የፓሪሱ ኢናልኮ ከ1795 ይጀምራሉ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የለንደኑ ሶአስ በ1916 ሲቋቋም ግልጽ ከሆኑት ዓላማዎቹ አንዱ ለብሪታንያ ቅኝ ግዛቶች ቋንቋ የሚያውቁ ሹማምንት ማሠልጠን ነበር።

ዛሬ የምናውቀውን መልክ የሰጠችው ግን አሜሪካ ናት። በ1948 የአንትሮፖሎጂው ምሁር ሜልቪል ኸርስኮቪትስ በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካ ጥናት ፕሮግራም አቋቋሙ። በ1957 ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክን ስታመጥቅ ዋሽንግተን ደነገጠች። በሚቀጥለው ዓመት የወጣው የብሔራዊ መከላከያ ትምህርት ሕግ፣ ታይትል ሲክስ በሚባለው ክፍሉ፣ በአሜሪካ እምብዛም የማይሰጡ ቋንቋዎችን ለሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎች ገንዘብ መደበ። ፎርድ ፋውንዴሽንም በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ጨመረ። እንደ ስዋሂሊ፣ ሃውሳና አማርኛ ያሉ ቋንቋዎች በአሜሪካ ክፍሎች ቦታ እንዲያገኙ ይህ ገንዘብ ብዙ ረድቷል። ገንዘቡ ግን ዘላቂ ዋስትና አልነበረውም፤ በ2011 የታይትል ሲክስ በጀት ክፉኛ ተቆረጠ።

የዚህ ትምህርት ታሪክ ከኸርስኮቪትስ ተጀምሮ ሲነገር ቅር ይለኛል። ዊልያም ሊዮ ሃንስቤሪ በዋሽንግተኑ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካን ታሪክ ማስተማር የጀመሩት በ1922 ነው፤ ከኖርዝዌስተርን ሩብ ምዕተ ዓመት ቀድሞ። ከረጂ ድርጅቶች የሚገባቸውን ገንዘብ ሳያገኙ፣ አፍሪካ ታሪክ የላትም በሚባልበት ዘመን ስለ ኑቢያና ስለ አክሱም አስተማሩ። በ1934 ከኢትዮጵያዊው መላኩ በያን ጋር ሆነው የኢትዮጵያ ምርምር ምክር ቤትን አቋቋሙ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት በ1964 ሲሸልማቸው በገዛ አገራቸው ስማቸው ገና አልገነነም ነበር።

ጥቁር ምሁራን የመገለላቸው ቁስል በ1969 በሞንትሪያል ፈነዳ። የአፍሪካ ጥናት ማኅበር ጉባኤውን በያዘበት ከተማ ጥቁር ምሁራንና ተማሪዎች ስብሰባውን አቋረጡ። ስለ አፍሪካ የሚደረገውን ጥናት የሚመራው፣ ገንዘቡንም የሚያከፋፍለው ለምን ነጭ ብቻ ይሆናል ሲሉ ጠየቁ። ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ የሥነ ጽሑፍ ምሁሩ ኤድዋርድ ሰኢድ ኦሪየንታሊዝም የተሰኘውን መጽሐፉን አሳተመ፤ የአውሮፓ የምሥራቅ ጥናት ከገዢነት ጋር እንዴት እንደተጋመደ አሳየ። በ1990ዎቹ ደግሞ ሌላ ተቃውሞ መጣ። በስሌትና በአጠቃላይ ንድፈ ሐሳብ የሚያምኑ የፖለቲካ ሳይንስ ምሁራን፣ አንድን አገር በጥልቀት ማወቅ ብቻውን ሳይንስ አይሆንም አሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ተቃውሞዎች ትምህርቱን አሻሻሉት ብዬ አምናለሁ። ሦስተኛው ግን ከጥቅሙ ጉዳቱ አመዝኗል፤ አገሩንና ቋንቋውን ሳያውቁ ከሩቅ የሚሰላ ነገር ብዙ ጊዜ ሲስት ታይቷልና።

እኛ ኢትዮጵያውያን በዚህ መስክ የቆየን ነን፤ የቆየነው ግን በተጠኚነት ነው። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ የተባሉ የመካነ ሥላሴ ተወላጅ መነኩሴ ከሮም ተነሥተው ጀርመን አገር ወደ ጎታ ሄዱ። እዚያ ለጀርመናዊው ምሁር ለኢዮብ ሉዶልፍ ስለ አገራቸው ታሪክ፣ ሃይማኖትና ቋንቋ አስረዱት። ሉዶልፍ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1698 የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ፤ የኢትዮጵያ ጥናት አባትም ተባለ። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ተሰብሮ ሞቱ። የዚህ ጥናት ግማሽ አባትነት የእሳቸው ነው ብል አላጋነንኩም።

ጥናቱ ወደ አገር ቤት የገባው ዘግይቶ ነው። የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ በ1959 የተደረገው በሮም ነበር። በ1963 በስድስት ኪሎው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሲመሠረት እንግሊዛዊው የታሪክ ምሁር ሪቻርድ ፓንክረስት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ። የታሪክ ምሁራኑ ታደሰ ታምራት፣ መርዕድ ወልደ አረጋይና ባሕሩ ዘውዴ ከሶአስ ዶክትሬታቸውን ይዘው ተመለሱና አዲስ አበባ ላይ ትውልድ አስተማሩ። የግዕዝ ሊቁ ጌታቸው ኃይሌ በአሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ በማይክሮፊልም የተነሡ በሺህ የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍትን ሲዘረዝሩ ኖሩ። በሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ተዘጋጅቶ ከ2003 እስከ 2014 የወጣው ባለ አምስት ቅጹ ኢንሳይክሎፒዲያ ኢትዮፒካም ከብዙ አገር የተሰባሰቡ ጸሐፊዎች ሥራ ነው፤ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንም ብዙ ጽፈውበታል።

በውጭ ያለው ማኅበረሰባችንም ድርሻ አለው። በካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የግዕዝ ትምህርት በ2017 የተጀመረው ከአንድ ፕሮፌሰርና ከከተማው ኢትዮጵያውያን በተሰበሰበ ገንዘብ ነው። ዘ ዊክንድ በሚል ስም የሚታወቀው ድምፃዊ አቤል ተስፋዬ በ2016 50,000 ዶላር ሰጥቷል። መንግሥት የሚሰጠው በጀት በሚዋዥቅበት ጊዜ እንዲህ ያለ የማኅበረሰብ መዋጮ የአንድን ቋንቋ ትምህርት ከመዘጋት ያድናል።

እንግዲህ አንድ ወጣት የቀጣና ጥናት ልማር ቢል ምን ይመከር? ዋናው ጉዳይ ቋንቋው ነው። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለዲፕሎማቶቹ የያዘው ሒሳብ እንዲህ ነው፦ እንግሊዝኛ ተናጋሪ የሆነ ሰው ለሥራ የሚበቃ ስዋሂሊ ለመማር 36 ሳምንት፣ አማርኛ 44 ሳምንት ወይም ከ1,000 በላይ የክፍል ሰዓት፣ ዐረብኛ ደግሞ 88 ሳምንት ያስፈልገዋል። በኮሌጅ በሳምንት አምስት ሰዓት የሚማር ተማሪ በሁለት ዓመት የሚያገኘው 300 ሰዓት ያህል ነው። ይህ ለአማርኛው ከሚያስፈልገው ሲሶውን እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ቋንቋው ወደሚነገርበት አገር ሄዶ አንድ ክረምት ወይም አንድ ሴሚስተር መቆየት የትምህርቱ አካል ተደርጎ መታየት አለበት። ቋንቋን ሁለት ዓመት ብቻ አስተምሮ ዲግሪ የሚሰጥ ፕሮግራም ተማሪውን ደጃፍ አድርሶ ነው የሚመልሰው።

ሁለተኛው ምክሬ ጥምረት ነው። በቀጣና ጥናት ብቻ የተመረቀ ሰው ሥራ ሲፈልግ ሙያህ ምንድን ነው ይባላል። ኢኮኖሚክስን፣ ሕግን፣ የሕዝብ ጤናን ወይም ጋዜጠኝነትን ዋና አድርጎ ቀጣናውን ማይነር ያደረገ፣ ቋንቋውንም በሚገባ የያዘ ተማሪ ግን በኤምባሲ፣ በተራድኦ ድርጅት፣ በዜና ተቋምም ሆነ በንግድ ቤት ቦታ ያገኛል። ሜጀር አድርጎ መያዝ የሚበጀው ምርምር ውስጥ ለመግባት ለቆረጠ፣ ማስተርስና ዶክትሬት ለሚያስብ ተማሪ ነው።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል፤ ሌሎች ያጠኑናል፣ እኛ ግን ጎረቤቶቻችንን እምብዛም አናጠናም። በካይሮ ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካ ጥናት ተቋም ሥሩ እስከ 1940ዎቹ ይደርሳል፤ አማርኛም ይማሩበታል። ኢትዮጵያና ግብፅ በአባይ ላይ ስላሳለፉት ዘመናት ሰፊ መጽሐፍ በ2002 ያሳተሙት የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲው ሃጋይ ኤርሊኽ ናቸው። በእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ግብፅን፣ ሱዳንን፣ ሶማሊያን ወይም ኬንያን በቋንቋቸው አጥንቶ የሚመረቅ ወጣት ስንት ነው? አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካ ጥናትን በድኅረ ምረቃ ደረጃ ያስተምራል፤ መልካም ጅምር ነው። በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃም ዐረብኛን፣ ሶማሊኛንና ስዋሂሊን ሦስት ዓመት ሙሉ የሚያስተምር ማይነር ያስፈልገናል። የሕግ፣ የኢኮኖሚክስና የጋዜጠኝነት ተማሪ ሁሉ ሊደርበው የሚችል መሆን አለበት። መምህራኑ ከጂግጂጋ፣ ከአሶሳና ከሞያሌ ሊመጡ ይችላሉ፤ ቋንቋዎቹ እዚያ ይነገራሉና። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ይህን በቀጣዩ ሥርዓተ ትምህርታቸው እንዲያስገቡት እንጠይቅ።