የቆመ መኪና ሽያጭ፦ ለሥጋ ወይስ ለጉዞ?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። 

የዛሬው ርዕሳችን ላይ ላዩን ሲያዩት ተራ ይመስላል። ግቢ ውስጥ የቆመ፣ የማይነሳ አሮጌ መኪና ምን ይደረግ? የሚል ነው። ከተማችን ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ በሚያልፈው መንገድ ላይ ትገኛለች። ይህ መንገድ እስከ 1990 ዓ.ል ጦርነት ድረስ የአሰብ ወደብ መንገድ ነበርና መኪና ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ ሆኖ ኖሯል። መኪና ባለበት ደግሞ የሚቆም መኪና አይጠፋም። የቆመ መኪና ዛሬ እንደ ድሮው የሚናቅ ንብረት አይደለም። በ2012 ዓ.ል የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ል ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ የአሮጌው መኪና እያንዳንዱ ዕቃ ፈላጊ አለው። ገንዘብ ባለበት ደግሞ ሐቅ አለ፤ ወንድማማችም የሚጣላው፣ የየቲም ገንዘብም የሚበላው እዚሁ ላይ ነው።

ውድ አድማጮች፣ የሰኞ ገበያችንን የሚያውቅ ሁሉ የሚገባው አንድ ታሪክ ላንሳ። አንድ ሰው ግመል ገዝቶ ሲሄድ ሶሐባው ዋሢላ ኢብኑል አስቀዕ (ረ.ዐ) ተከትለው ደረሱበትና ግመሏን የፈለጋት ለሥጋ ነው ወይስ ለጉዞ ብለው ጠየቁት። ለሐጅ ጉዞ መሆኑን ሲነግራቸው ኮቴዋ የተጎዳ መሆኑን ገለጹለት። ሻጩ ገበያዬን አበላሹብኝ ብሎ ቅር ቢለው፣ ነውር ያለበትን ዕቃ ሳይናገሩ መሸጥ እንደማይፈቀድ፣ ነውሩን ያወቀ ሦስተኛ ሰውም ዝም ማለት እንደሌለበት ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስማታቸውን አስረዱ።

ልብ በሉ፤ ያቺ ግመል ለሥጋ ብትሆን ኮቴዋ ዋጋዋን ብዙ ባልነካው ነበር። ለጉዞ ሲሆን ግን ገዢውን መንገድ ላይ ታስቀረዋለች። የቆመ መኪናም እንዲሁ ነው። ከዋጋው በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ ይህ መኪና የሚሸጠው ለመነዳት ነው፣ ለመለዋወጫ ነው ወይስ ለብረት? የሚለው ነው።

ይህን ለመለየት ሊገዛው የማይፈልግ መካኒክ ይየው፤ ቢቻል ሁለት ይሁኑ። ገዢው ራሱ ያመጣው መካኒክ ለሻጭ አማካሪ አይሆንም። ከዚያ ሒሳቡን በወረቀት አስቀምጡ። ለምሳሌ ያህል፣ መኪናው እንዳለ 200 ሺህ ብር፣ ተጠግኖ 350 ሺህ ብር ያወጣል ቢባልና ጥገናው 180 ሺህ ብር ቢፈጅ፣ ጠግኖ መሸጥ 30 ሺህ ብር ያከስራል። ሞተሩ ነክሶ፣ ሻንሲው ዝጎ ከሆነ ደግሞ ካምቢዮው፣ ዲፈረንሻሉና ጎማው ተለያይተው ቢሸጡ የተሻለ ሊያወጡ ይችላሉ።  የቀረው አካል ለቁራጭ ብረት ይሄዳል።

ቀጥሎ መኪናው የማን ነው? የሚለው ይመጣል። አባት ሞተው የቀረ መኪና ግቢው ውስጥ የሚኖረው ልጅ ንብረት አይደለም። የሟች ዕዳና ኑዛዜ ከተፈጸመ በኋላ የሚስትም፣ የእናትም፣ የሴት ልጆችም ድርሻ ያለበት ሚራስ ነው። ታላቅ ወንድም ዛሬ ባትሪውን፣ ነገ ጎማውን እየፈታ ቢሸጥ ከሁሉም ሐቅ ላይ እየቆረጠ ነው። ከወራሾቹ መካከል የቲሞች ካሉማ የቲምን ገንዘብ በግፍ ስለሚበሉ ሰዎች ሱረቱ-ኒሳእ (4፡10) ምን እንደሚል ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ መጀመሪያ ከሸሪዓ ፍርድ ቤት ወይም ከመደበኛው ፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ይውጣ፤ ለሕፃናቱም ሞግዚት ይሰየም።

በሽያጩ ጊዜ የምታውቁትን ሁሉ ተናገሩ። ቴስታታው ተሰንጥቆ ከሆነ፣ መኪናው ተገልብጦ ከነበረ፣ ሻንሲው ተበይዶ ከሆነ፣ ሞተሩ ተቀይሮ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር የማይገናኝ ከሆነ ይነገር። አንዳንዱ ሻጭ “እንዳለ ነው የሸጥኩት” በማለት ነጻ የሚወጣ ይመስለዋል። ሻጭ ከነውር ነጻ ነኝ ብሎ ስለሚዋዋለው ሽያጭ ዑለማዎች በዝርዝሩ ላይ ይለያያሉ፤ እያወቁ መደበቅ ግን ማታለል ነው። ገዢና ሻጭ እውነት ከተነጋገሩ ንግዳቸው በረካ እንደሚያገኝ፣ ከዋሹና ከደበቁ ግን በረካው እንደሚጠፋ በቡኻሪና በሙስሊም ሐዲስ ተዘግቧል። ዋጋ ለማስወደድ ብቻ የውሸት ገዢ ማስቆምም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የከለከሉት ነጅሽ ነው።

ገዢና ደላላም ከዚህ አደራ ውጭ አይደሉም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲራራ ነጋዴ ገበያ ደርሶ ዋጋ ሳያውቅ መንገድ ላይ ወጥቶ ከእጁ መግዛትን ከልክለዋል። የገበያውን ዋጋ የማታውቅ ባሏ የሞተባት እናት ቤት ሄዶ ሙሉ መኪና በብረት ዋጋ መጫን ከዚህ በምን ይለያል? ጀሪር ኢብኑ ዐብዲላህ (ረ.ዐ) በ300 ድርሃም የተስማሙበት ፈረስ ከዚያ በላይ እንደሚያወጣ ለሻጩ ነግረው 800 ድርሃም እንደከፈሉት ተዘግቧል።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ በቃል ብቻ ሸጦ ሊብሬውን በራስ ስም መተው አደጋ አለው። በ1952 ዓ.ል የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ የነዳው ያልፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ፣ ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። ስለዚህ ውሉ በውልና ማስረጃ ይጻፍ፤ ስሙም በትራንስፖርት ቢሮ ይዛወር። ለብረት የሚቆራረጥ ከሆነ ታርጋውና ሊብሬው ለቢሮው ተመላሽ ሆኖ ከመዝገብ ይሰረዝ። ሊብሬና የሻንሲ ቁጥር ለብቻ የሚገዛ ሰው ከመጣ አትሽጡለት፤ የተሰረቀ መኪና ሕጋዊ የሚመስለው በእንዲህ ዓይነት ወረቀት ነው።

መኪናው ከመቆራረጡ በፊት ዘይቱ በዕቃ ይቀዳ፤ መሬት ላይ ወይም ወደ ወንዝ አይፍሰስ። ባትሪው አሲድና እርሳስ ስላለበት ልጆች አይንኩት። የነዳጅ ታንከር ባዶ ቢመስልም ውስጡ የቀረው ጋዝ ሊፈነዳ ስለሚችል በብየዳ እሳት አይቆረጥ። በቆላ ሙቀት የተዘጋ መኪና ውስጥ የገባ ሕፃን ሕይወቱ ሊያልፍ ይችላልና በሮቹ ይቆለፉ። መኪናው መንገድ ዘግቶ ከሆነ ደግሞ የሚያስቸግርን ነገር ከመንገድ ማስወገድ ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን አንርሳ።

ለራስ አገልግሎት የተያዘ መኪና ዘካ የለበትም። የተሸጠበት ገንዘብ ግን ኒሷብ ሞልቶ፣ ማለትም የ85 ግራም ወርቅ ዋጋ ደርሶ፣ ዓመት ከቆየ 2.5 በመቶ ይወጣበታል። ለትርፍ ገዝቶ የሚሸጥ ነጋዴ ግን መኪናውን እንደ ንግድ ዕቃ ገምቶ ዘካውን ያወጣል። ለመስጊድ መስጠት የፈለገም ሸጦ ገንዘቡን ይስጥ እንጂ ብረቱን አምጥቶ በመስጊዱ ግቢ አይጣል።

ውድ አድማጮች፣ የቆመ መኪና በቤታችሁ ካለ ዛሬ ማታ ቤተሰቡን ሰብስቡና ሁለት ነገር ብቻ ተጠያየቁ፤ የማን ነው? ለሥጋ ነው ወይስ ለጉዞ? አላህ ሐላሉን ያብቃቃን፤ ንግዳችንንም በረካ ያድርግልን። ወሏሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።