«ሲስተም የለም» በተባለ ቀን

ዕቃ ከውጭ አስመጥቶ የሚያውቅ ሰው ሁሉ እነዚህን ሁለት ቃላት ያውቃቸዋል። የነጋዴው ጉዳይ አስፈጻሚ፣ ትራንዚተሩ፣ ዶሴውን ታቅፎ የጉምሩክ መስኮት ፊት ይቆማል፤ ከወዲያ ያለው ሠራተኛ ቀና ብሎ «ሲስተም የለም» ይላል። ክርክር የለም። ወንዝ ሞልቶ መንገድ እንደተዘጋባቸው መንገደኞች ሁለቱም ዝም ይላሉ፤ ባለጉዳዩም ነገ ሊመለስ ይሄዳል። ይህ ዝምታ ለረጅም ጊዜ ሲከነክነኝ ኖሯል። የወንዝ ሙላት ባለቤት የለውም። ሲስተም ግን ባለቤት አለው፤ በጀት አለው፤ የቆመበት ምክንያትም አለው።

በዚያች ቀን ሞጆ ደረቅ ወደብ የተቀመጠው ኮንቴይነር ሒሳቡ አይቆምም። ኮንቴይነር የሚከራይ ዕቃ ነው፤ የተፈቀደው ነፃ ቀን ሲያልቅ ዲመሬጅ፣ ማለትም የመዘግየት ክፍያ፣ ይቆጥራል፤ የወደቡ የማከማቻ ኪራይም በላዩ ይደረብበታል። ነጋዴው ከፍሎ ዝም አይልም፤ ዋጋው ላይ ይጨምረዋል። እናም «ሲስተም የለም» የተባለው ቀን ጎማ የሚቀይር ሹፌርና ዘይት የምትገዛ እናት ዘንድ ሒሳብ ሆኖ ይደርሳል።

የእኛን ጉዳይ የሚያከብደው የመንገዱ ርዝመት ነው። በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነፃ አገር ከሆነች ወዲህ ኢትዮጵያ የራሷ የባሕር በር የላትም። የኤርትራን የአሰብ ወደብ ስንጠቀም ቆይተን በ1990 ዓ.ም. የሁለቱ አገሮች ጦርነት ሲጀመር ያም ተዘጋ፤ ከዚያ ወዲህ ከወጪና ገቢ ንግዳችን ከመቶ 90 የሚበልጠው በጅቡቲ ነው የሚያልፈው። በጅቡቲው ዶራሌ ወደብ የተጫነ ዕቃ በጋላፊ ድንበር ገብቶ፣ የአፋርን ሐሩር አቋርጦ፣ በሚሌና በአዋሽ በኩል ወደ መሀል አገር ይወጣል። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ከጅቡቲ የሚመጣው የኤሌክትሪክ ባቡርም ጭነት ይጋራል። በባቡርም ይምጣ በተሳቢ፣ ከዕቃው ጋር አብሮ የሚጓዝ ሌላ ጭነት አለ፤ ወረቀቱ። ኢንቮይሱ፣ የመርከብ ጭነት ሰነዱ፣ የባንክ ፈቃዱ፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ።

የወረቀቱን ክብደት አንድ የጎረቤት አገር ምሳሌ በደንብ ያሳያል። በ2014 እ.ኤ.አ. ሜርስክ የተባለው የዴንማርክ መርከብ ድርጅት ጽጌረዳና አቮካዶ የጫነ አንድ ኮንቴይነር ከሞምባሳ እስከ ኔዘርላንድስ ተከታትሎ ነበር። 30 ያህል ሰዎችና ድርጅቶች እጃቸውን አስገቡበት፤ በመካከላቸውም ከ200 በላይ መልእክት ተለዋወጡ። ለአንድ ኮንቴይነር!

ሶፍትዌር የመጣው ይህን ሊያቀል ነው፤ አቅልሏልም። የተባበሩት መንግሥታት የንግድና ልማት ጉባኤ የሠራው አሲኩዳ በእኛም ጉምሩክ ለዓመታት አገልግሏል። የሥጋት ምዘና የሚባለው አሠራር ዕቃውን አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ብሎ ይለየዋል፤ አረንጓዴው ያልፋል፣ የቢጫው ሰነድ ይታያል፣ ቀዩ ተከፍቶ ይፈተሻል። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የኤሌክትሮኒክ አንድ መስኮት አገልግሎት ተጀመረ። ቀድሞ ነጋዴው የአንዱን ሰነድ ቅጂ ይዞ ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ይንከራተት ነበር፤ አሁን ፈቃድ ሰጪዎቹ በአንድ በኩል ይገኛሉ። መኪኖችም በሳተላይት መከታተያና በኤሌክትሮኒክ ማሸጊያ ይጓዛሉ፤ መኪናው ከመንገዱ ቢወጣ ወይም ማሸጊያው ቢነካ መቆጣጠሪያ ክፍል ያሉ ሰዎች ያውቃሉ። ይህ ሁሉ የምር ለውጥ ነው። 

ችግሩ እዚሁ ድሉ ውስጥ ነው። ደጆቹ ብዙ በነበሩ ጊዜ አንዱ ቢዘጋ ሌላው ጋ ሥራ ይቀጥል ነበር። አንድ መስኮት ሲሆኑ ግን መስኮቱ በተዘጋ ቀን ሁሉም ይዘጋል።

ይህ የድሃ አገር ጣጣ ብቻ የሚመስለው ካለ ሰኔ 20 ቀን 2009 ዓ.ም. የሆነውን ይስማ። በዩክሬን የሒሳብ ሶፍትዌር በኩል የተለቀቀ ኖትፔትያ የተባለ አጥፊ ቫይረስ ሜርስክን መታው። ያኔ ከዓለም የኮንቴይነር ጭነት አምስተኛውን ያህል ያጓጉዝ የነበረው ድርጅት በሰዓታት ውስጥ ስክሪኖቹ ጠቆሩ። በር ላይ የተሰለፉ መኪኖች ምን እንደጫኑ የሚነግር አልነበረም። የኮምፒውተር መረቡን የሚያስተዳድሩት ዋና ሰርቨሮች በየአገሩ ጠፍተው፣ አንዱ ብቻ ተረፈ፤ ጋና ውስጥ። የተረፈውም ጥቃቱ ሲደርስ መብራት ጠፍቶ ከመረቡ ተነጥሎ ስለነበረ ነው። የጋናው ኢንተርኔት መረጃውን ወደ እንግሊዝ ለመላክ ስላልቻለ፣ እዚያ ያሉት ሠራተኞችም የእንግሊዝ ቪዛ ስላልነበራቸው፣ አንዱ መረጃው ያለበትን ሃርድ ዲስክ ይዞ ናይጄሪያ አውሮፕላን ማረፊያ ለሌላ ባልደረባ አስረከበ፤ ያ ሰው ወደ ለንደን በረረ። ድርጅቱ በ10 ቀን ውስጥ 4,000 ሰርቨርና 45,000 ኮምፒውተር እንደገና ተከለ። ኪሳራውን እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ገመተው።

በእነዚያ ቀናት ሥራው ጨርሶ አለመቆሙ ነው ከሁሉ የሚገርመኝ። ሠራተኞቹ በግል ስልካቸው በዋትስአፕ ትእዛዝ ተቀበሉ፤ ኮንቴይነር ላይ ወረቀት ለጠፉ፤ በእጅ መዘገቡ። «ሲስተም የለም» ብሎ ደንበኛን መመለስ አላዋጣቸውም፤ ደንበኛው ሌላ መርከብ አለዋ። የእኛ ነጋዴ ግን ሌላ ጉምሩክ የለውም። ስለዚህ የሚያስፈልገው ጥበቃ ከዚያ ሊበልጥ ይገባል።

የምጠይቀው ነገር ከባድ አይደለም። ሲስተሙ ከተወሰነ ሰዓት በላይ ሲቆም መድኃኒትና የሚበላሽ ዕቃ በእጅ ሰነድ የሚወጣበት፣ በኋላ ወደ ኮምፒውተር የሚገባበት የተጻፈ ሥርዓት ይኑር፤ ሠራተኛውም በዓመት አንድ ሁለቴ ይለማመደው። ለቆመበት ጊዜ የማከማቻ ኪራይ አይቆጠር። የውጭ መርከብ ድርጅቶችን ዲመሬጅ እኛ በአዋጅ ልናስቆም አንችልም፤ የወደቡ ኪራይ ግን በእጃችን ነው። ለዚህ አዲስ ቴክኖሎጂ መግዛትም አያሻም። ሰርቨሩ መቼ እንደወደቀና መቼ እንደተነሣ የመረጃ ማዕከሉ እስከ ደቂቃው ይመዘግባል። ያ መዝገብ ታትሞ፣ ማኅተም ተደርጎበት፣ ትራንዚተሩ «ነገ ተመለስ» ሲባል በእጁ ይሰጠው።