የትኛው ጆንያ?

በመጋዘናችን በር ላይ በሲባጎ የታሰረ እስክሪብቶ ተንጠልጥሏል። ከሥሩ ጠርዙ በበርበሬ ብናኝ የቀላ ትልቅ መዝገብ አለ። ጭነት ሲመጣ አንድ ጆንያ እንኳ ሳይራገፍ መዝገቡ ይከፈታል። ቀኑ፣ በርበሬው የመጣበት ወረዳ፣ ያመጣው ነጋዴ፣ የጆንያው ብዛት፣ የእርጥበቱ መጠንና የተረካቢው ፊርማ ይሰፍርበታል። ከዚያ እያንዳንዱ ጆንያ ላይ በማርከር ቁጥር ይጻፋል። እስክሪብቶውን ያሰርኩት እኔ ነኝ። «እስክሪብቶ አጥቼ ነው ያልመዘገብኩት» የሚለው ምክንያት ስለሰለቸኝ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የባልትና ውጤቶች ማዘጋጃ በጥራት ተቆጣጣሪነት ስሠራ 12 ዓመት ሞላኝ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣና የወጥ ቅመም እናዘጋጃለን። ገሚሱ እዚሁ ይሸጣል፤ ገሚሱ አሜሪካና አውሮፓ ላሉ ወገኖቻችን ይጫናል። የጥራት ሥራ አመራር ሥርዓት፣ በተለምዶ «አይሶ» የምንለው ነገር፣ ለንግድ ምን ይጠቅማል ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ሲመጣ በቀጥታ ወደዚህ መዝገብ ይዤው እሄዳለሁ።

መዝገቡ ባልነበረበት ጊዜ አሜሪካ ውስጥ የሐበሻ ሸቀጥ የሚሸጥ አንድ ደንበኛችን በሌሊት ደወለ። «በርበሬው ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል፤ ሦስት ሰው መለሰብኝ» አለ። በነጋታው የድርጅታችን ባለቤት፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ አስጠሩኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ «የትኛው ጆንያ ነው?»

መልስ አልነበረኝም። ፓኬቱ ላይ የታተመው የተመረተበት ወር ብቻ ነበር። በዚያ ወር ደግሞ ከማረቆ፣ ከሀላባና ከቡሬ የመጣ ዛላ አንድ ላይ አስፈጭተናል። ከፊሉን በርበሬ በረንዳ ወርደን ገዝተነዋል፤ ከፊሉን ነጋዴዎች ደጃችን ድረስ አምጥተውታል። የመጋዘን ጠባቂያችንን ጋሼን ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ ጆንያ እንደ ሰው ስም አለው እንዴ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ስም አልሰጠነውም።

የተበላሸውን መለየት ስላልቻልን የወሩን ምርት በሙሉ አስነሣን። እዚያ ያለው ተጣለ፤ እዚህ የቀረው ተያዘ፤ ለደንበኛው የጭነቱን ጭምር ከፈልን። ሻጋታ ያገኘው ምናልባት ሁለት ሦስት ጆንያ ይሆናል። የቀረውን ሁሉ ያጣነው ባለማወቃችን ነው። እትዬ በዚያ ዓመት ለሠራተኛ ደመወዝ ለመጨመር የያዙትን ገንዘብ ለዚህ አዋሉት። እኔም ደመወዝ ከሚጨመርላቸው አንዷ ስለነበርኩ አልረሳውም።

እንዲህ ያለው ጉዳት በአገርም ላይ ደርሷል። በ2000 ዓ.ም. ጃፓን ከኢትዮጵያ በገባ ቡና ላይ ከተፈቀደው በላይ የፀረ ተባይ ኬሚካል ቅሪት አገኘች። ጃፓን በዚያን ጊዜ ከቡናችን ዋና ዋና ገዢዎች አንዷ ነበረች፤ ገበያው ባንድ ጊዜ ቀዘቀዘ። ምክንያቱ ሲጣራ ጣት የተቀሰረው ቡናው በተጫነበት ጆንያ ላይ ነው። ገበሬው ለቅሞ፣ አድርቆ፣ አበጥሮ ያስረከበው ቡና በመያዣው ምክንያት ስሙ ጠፋ።

የእኛን ሙያ ይበልጥ የሚነካው ግን እ.ኤ.አ. በ2005 እንግሊዝ አገር የሆነው ነው። «ሱዳን 1» የሚባል፣ ለምግብ የተከለከለ የፋብሪካ ማቅለሚያ የገባበት የተፈጨ በርበሬ አንድ ስጎ ውስጥ ተጨመረ። ስጎው ደግሞ ለሌሎች ፋብሪካዎች ግብዓት ነበር። ከ400 በላይ የምግብ ዓይነቶች ከመደርደሪያ ተነሡ። ጥፋቱ ትልቅ ነው፤ እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ በርበሬ የደረሰበትን ያን ሁሉ ምግብ በስም ለይቶ ማውጣት የተቻለው፣ ከማን ተገዛ ለማን ተሸጠ የሚለው በየፋብሪካው ተጽፎ ስለነበር ነው። እኛ የራሳችንን አንድ ጆንያ ማግኘት አልቻልንም።

ከዚያ ኪሳራ በኋላ ነው እትዬ «ይህን አይሶ የሚሉትን ነገር እስቲ አጥኚው» ያሉኝ።

አይሶ ጄኔቫ የተቀመጠ፣ እ.ኤ.አ. በ1947 ሥራ የጀመረ ዓለም አቀፍ የደረጃዎች ድርጅት ነው። 9001 የተባለው የጥራት ሥራ አመራር ደረጃው እ.ኤ.አ. በ1987 ወጣ፤ ከዚያም በ1994፣ በ2000፣ በ2008 እና በ2015 ተሻሻለ። ለምግብ አምራቾች ደግሞ 22000 የሚባል ሌላ ደረጃ አለ። ብዙ ሰው 9001 የምርቱን ጥራት የሚለካ ይመስለዋል። በርበሬው ምን ያህል ይፋጅ፣ ሽሮው ምን ያህል ይላም የሚል ቃል ግን የለበትም። እሱን የምንወስነው እኛና ደንበኛችን ነን። ደረጃው የሚጠይቀው ደንበኛህ የሚፈልገውን እንድታውቅ፣ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ እንድትወስን፣ እንደወሰንከው ስለመሥራትህ ማስረጃ እንድትይዝ፣ ሲበላሽም ምክንያቱን ከሥሩ ፈልገህ እንድታርም ነው። ካይዘን በሚባለው የሥራ ማሻሻያ ዘዴ የሠለጠኑ ሠራተኞቻችን ደረጃው ከ«አምስቱ ማዎች» ጋር ያለውን ዝምድና ቶሎ ነው ያዩት፤ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ ብለው የሚያውቁት ነገር ነውና።

አሠራራችንን በጽሑፍ ስናሰፍር ከሁሉ የከበደኝ እማማን ማሳመን ነበር። እማማ በርበሬ የሚመጥኑልን ሴት ናቸው። ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉን፣ ኮረሪማውን፣ በሶብላውን፣ ጥቁሩንና ነጩን አዝሙድ በእጃቸው ጭብጥ ነው የሚለኩት። አንድ ጊዜ ታመው ሦስት ሳምንት ሲቀሩ ደንበኛ ወዲያው አውቆብናል፤ «እጁ ተቀየረ» አለን። የድርጅቱ ሀብት በአንድ ሰው መዳፍ ውስጥ እንደተቀመጠ ያን ጊዜ ገባን።

ሚዛንና ደብተር ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ኮረሪማውን ሲጨብጡ ከመጨመራቸው በፊት አስመዝናለሁ። ሰባት ጊዜ መዘንኩ፤ ልዩነቱ ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። የእጃቸውን ልክ ያን ቀን ነው በደንብ ያከበርኩት። «እስኪሸተኝ ድረስ ነው የማምሰው» ሲሉኝ ሰዓት ያዝኩ። በሦስተኛው ቀን እጃቸውን አጠፉና አዩኝ። «ሙያዬን ጽፈሽ ስትጨርሺ እኔን ልታሰናብቱኝ ነው?» አሉኝ።

ይህ ፍርሃት በየድርጅቱ አለ፤ የሚናቅም አይደለም። እትዬን አስጠራኋቸው። በእማማ ፊት ሁለት ነገር ቃል ገቡ። የአመጣጠኑ መመሪያ ያለ እማማ ፊርማ አይጸድቅም፤ አዲስ የሚቀጠሩትንም የሚያሠለጥኑት እሳቸው ናቸው። ዛሬ መመሪያው ላይ ከስማቸው ጎን ፊርማቸው አለ። አራት ልጆች አሠልጥነዋል። ሲያማቸው ተኝተው ይታመማሉ፤ በርበሬውም እጁ አይቀየርም።

ሚዛኖቻችን ሲመረመሩም ያልጠበቅነው ነገር መጣ። የማሸጊያው ሚዛን ተዛብቶ ኖሮ አንድ ኪሎ ብለን የምናሽገው ፓኬት 1 ኪሎ ከ15 ግራም ይመዝን ነበር። በሺህ ፓኬት 15 ኪሎ የተመጠነ በርበሬ ማለት ነው። ስንት ዓመት እንዲህ እንደሸጥን የሚያውቅ የለም። ወደ ሌላው አቅጣጫ ተዛብቶ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ሳናውቅ ሰው ስናጭበረብር መኖራችን ነው። አሁን እያንዳንዱ ሚዛን በየዓመቱ ይፈተሻል፤ የተፈተሸበት ቀንም ይለጠፍበታል።

ወደ በርበሬው ልመለስ፤ የሻጋታው ሥር የተገኘው እዚያ ነውና። ዛላው በጉዞ እንዳይሰባበር፣ አንዳንዴም ክብደት እንዲጨምር ውሃ ይርከፈከፍበታል። እርጥብ ዛላ በጆንያ ታፍኖ ሲከርም ሻጋታ ያበቅላል፤ አንዳንዱ ሻጋታ ደግሞ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል። ይህ መርዝ ጉበትን ይጎዳል፣ ለካንሰርም ይዳርጋል። ብናምሰውም ብንቀቅለውም በቀላሉ አይጠፋም፤ በዓይንም አይታይም። የአውሮፓ ኅብረት በቅመማ ቅመም ውስጥ የሚፈቅደው አፍላቶክሲን ቢ1 በኪሎ 5 ማይክሮግራም ብቻ ነው። በእኛ ስሌት በሺህ ኩንታል በርበሬ ውስጥ ግማሽ ግራም እንደማለት ነው። ይህን በአፍንጫ መለየት አይቻልም።

ስለዚህ የእርጥበት መለኪያ ገዛን። ከመቶ 11 እጅ በላይ እርጥበት ያለው ዛላ አንረከብም ብለን ለነጋዴዎቹ በጽሑፍ አሳወቅን። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት መኪና መለስን። አንደኛው ነጋዴ በር ላይ ቆሞ «አሥር ዓመት ሳመጣላችሁ ዛሬ ነው እርጥብ የሆነው?» ብሎ ጮኸ፤ እኔም እጄ እየተንቀጠቀጠ ቁጥሩን አሳየሁት። ሰውየው ሁለት ወር ጠፋ። ሲመለስ ያመጣው ዛላ ሲነኩት የሚንኮሻኮሽ ነበር። ዛሬ ከሁሉ አስቀድመን የምንገዛው ከእሱ ነው፤ ገንዘቡንም ሳናዘገይ እንከፍለዋለን።

አንድ የሚያናድደኝን ነገር ሳልናገር አላልፍም። ሥራውን ስንጀምር አንድ አማካሪ «በሁለት ወር ሰርተፊኬት አስገኛችኋለሁ» ብሎ ወፍራም የጥራት መመሪያ ሸጠልን። ሙሉው በእንግሊዝኛ ነው። ሳነበው መካከል ላይ ስለ ሳሙና ማፍያ ጋን ይናገራል! ከሌላ ፋብሪካ ገልብጦ የድርጅቱን ስም ብቻ ቀይሮ ነው ያመጣልን። እንዲህ ያለ ወረቀት መደርደሪያ ያጣብባል እንጂ አንድ ጆንያ አያስገኝም። ደረጃው ሰነዳችሁን በእንግሊዝኛ ጻፉ ብሎ አያስገድድም። እኛ በአማርኛ ጻፍነው፤ ወፍጮው ላይ የተለጠፈው ሁለት ገጽ ብቻ ነው፤ ጋሼም እማማም ያነቡታል።

ልትጀምሩ የምታስቡ ይህን ብታውቁ ገንዘብ ይተርፋችኋል። አይሶ ራሱ ሰርተፊኬት አይሰጥም። የሚሰጡት ሌሎች ተቋማት ናቸው፤ በአገራችን የኢትዮጵያ የተስማሚነት ምዘና ድርጅት አለ፤ የውጭ ተቋማትም ይሠራሉ። የሚመዝናችሁ ተቋም ራሱ ሥርዓቱን ሊዘረጋላችሁ አይገባም፤ ሁለቱንም እሠራለሁ ካለ ሽሹት። ሰርተፊኬቱ የሚያገለግለው ለሦስት ዓመት ነው፤ በየዓመቱም መዛኞች መጥተው ያያሉ፤ ይህም ወጪ አለው። አንድ ወፍጮና ሦስት ሠራተኛ ላለው ቤት ወዲያው ወደ ሰርተፊኬት መሮጥን አልመክርም። ትልልቅ ሆቴሎች፣ ጨረታ የሚያወጡ ድርጅቶችና የውጭ ገዢዎች ሲጠይቁ ጊዜው ይደርሳል። ሥርዓቱን ግን ከዛሬ መጀመር ይቻላል፤ መዝገብና ማርከር ነው።

እኛ ሰርተፊኬቱን ብናገኝም የመሸጫ ዋጋችን በእሱ ምክንያት አልጨመረም። ትርፉ የመጣው ከማይጣለው፣ ከማይመለሰውና ሁለት ጊዜ ከማይሠራው ነው።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ያው ደንበኛችን እንደገና ደወለ። በዚህ ጊዜ ሽሮ ውስጥ ጠጠር ተገኝቶ ነው። ፓኬቱ ላይ ያለውን ቁጥር እንዲያነብልኝ ጠየቅሁት። ስልኩን ሳልዘጋ መዝገቡን ገለጥኩ። ቁጥሩ ወደ አንድ ከሰዓት በኋላ ወሰደኝ፤ የጥገናው ደብተር ደግሞ የወንፊቱ መረብ ተቀዶ በማግሥቱ ጠዋት መቀየሩን ያሳያል። የተነካው የዚያ ግማሽ ቀን ምርት ነበር፤ እሱ ጋ የደረሰው 22 ካርቶን ነው። «ከዚህ ቁጥር እስከዚህ ቁጥር አንሣ፤ ሌላውን ሽጥ» አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «እንዲህ የነገረኝ አቅራቢ የለም» አለኝ። እስከዚያ ድረስ ዕቃው ከተሸጠ በኋላ ነበር የሚከፍለን፤ ከሚቀጥለው ጭነት ጀምሮ ግማሹን አስቀድሞ ይልክልን ጀመር። ከዚያ ወዲህ ወንፊቶቹ በየቀኑ ሥራ ሲጀመርና ሲያበቃ ይታያሉ።

ባልትና ቤት፣ ዳቦ ቤት፣ ወተት ማቀነባበሪያ ያላችሁ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ሰርተፊኬቱ ይቆያችሁ። ነገ ጠዋት የሚገባውን የመጀመሪያ ጆንያ ቁጥር ስጡት። ያ ቁጥር ሱቅ መደርደሪያ ላይ እስኪቀመጥ ድረስ ከምርቱ አይለይ። አሠራራችሁንም ሠራተኛችሁ በሚያነበው ቋንቋ ጻፉለት።