ከስትሮክ በኋላ አንደበትን የሚያክሙ ባለሙያዎች

ስትሮክ የመታው ሰው ሆስፒታል ሲገባ የቤተሰቡ ዓይን የሚያርፈው በእጁና በእግሩ ላይ ነው። የሁሉም ጥያቄ «ይራመድ ይሆን?» ነው፤ ፊዚዮቴራፒስትም ይፈለጋል። ስፒች ቴራፒስት የሚባለውን የንግግር ሕክምና ባለሙያ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ሙያውን የሰማውም ቢሆን አፉን ያልፈታ ወይም የሚንተባተብ ልጅ የሚወሰድበት ብቻ ይመስለዋል። በስትሮክ ሕክምና ግን ይህ ባለሙያ የሚያስፈልገው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው። ቀድሞ የሚመረምረውም ንግግርን ሳይሆን መዋጥን ነው።

የምንናገርባቸው የከንፈር፣ የምላስና የጉሮሮ ጡንቻዎች የምንውጥባቸውም ናቸው። ስትሮክ ሲያደክማቸው ወደ ሆድ መውረድ የነበረበት ምግብና መጠጥ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ስትሮክ በመታቸው የመጀመሪያ ቀናት ከታካሚዎች ግማሽ ያህሉ የመዋጥ ችግር ይገጥማቸዋል። መዘዙ የሳንባ ምች ነው፤ ከስትሮኩ የተረፉ ብዙ ሰዎች የሚሞቱትም በዚሁ ነው። «ትን ካላለው ደህና ነው» ብሎ መተማመንም አይቻልም። የጉሮሮው ስሜት የደነዘዘ ሰው ውሃ ወደ ሳንባው ሲገባ እንኳ ላያስል ይችላል።

ስለዚህ ባለሙያው ታካሚውን ቀና አድርጎ ያስቀምጥና ውሃ በትንሽ ማንኪያ ይሰጠዋል። ማንቁርቱ ሲነሳና ሲወርድ በጣቱ ይዳስሳል፤ ከዋጠ በኋላ «አ…» እንዲል ይጠይቀዋል። ድምፁ ውሃ ያዘለ ከመሰለ ፈሳሹ ጉሮሮው ላይ ቀርቷል ብሎ ይጠረጥራል። መሣሪያው ባለበት ሆስፒታል ደግሞ ባሪየም የተቀላቀለበት ምግብ እያስዋጠ አወራረዱን በራጅ ይከታተላል። ከዚያ ታካሚው ምን ዓይነት ምግብ፣ በምን ያህል ውፍረትና እንዴት ተቀምጦ መውሰድ እንዳለበት ይወስናል። ቀጭን ፈሳሽ ፈጥኖ ስለሚወርድ ለደከመ ጉሮሮ ከወፈረው ይልቅ ሊከብድ ይችላል። በፍቅር የሚሰጥ ትልቅ ጉርሻም አልጋው ላይ ለተጋደመ ታካሚ አደገኛ ነው። ባለሙያው ማጉረሱን አይከለክልም፤ ጉርሻው ትንሽና ለስላሳ እንዲሆን፣ የመጀመሪያው ሳይዋጥ ሁለተኛው እንዳይከተል ቤተሰቡን ያስተምራል።

የንግግሩ ጉዳት አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ የሚለውን በሚገባ ያውቃል፣ ጡንቻው ስለደከመ ግን ንግግሩ ይጎተታል፤ ይህ ዲሳርትሪያ ይባላል። ሌላው የሚጎዳው ቋንቋው ራሱ ነው፤ ይህ አፌዥያ የሚባለው ሲሆን ከስትሮክ ከተረፉት ሲሶ ያህሉን ያገኛቸዋል። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ እ.ኤ.አ. በ1861 ፓሪስ አጠገብ በሚገኘው ቢሴትር ሆስፒታል፣ የሚሉትን የሚረዳ፣ ከአፉ የሚወጣው ግን «ታን» ብቻ የሆነ ታካሚ አየ። ሰውየው ሲሞት አንጎሉን ቢመረምር ጉዳቱን በግራው የፊት ክፍል ላይ አገኘው። እ.ኤ.አ. በ1874 ደግሞ ጀርመናዊው ካርል ቬርኒኬ የተለየ ዓይነት አፌዥያ ገለጸ፤ በዚህኛው ታካሚው ያለችግር ያወራል፣ ንግግሩ ግን ትርጉም አይሰጥም፣ ሌላው የሚለውንም በቅጡ አይረዳም። ባለሙያው የታካሚው ጉዳት የትኛው እንደሆነ ሳይለይ ሕክምና አይጀምርም።

ሕክምናው ትዕግሥት የሚጠይቅ ልምምድ ነው። የጀበና ሥዕል ያየው ሰው ምን እንደሆነ ያውቃል፣ ስሙ ግን አልመጣ ይለዋል። ባለሙያው ቃሉን አይነግረውም። «ምን ይፈላበታል? ከምን ይሠራል?» እያለ ወደ ቃሉ ያቀርበዋል፤ ካልሆነም «ጀ…» ብሎ የመጀመሪያውን ድምፅ ያቀብለዋል። አንድ ቃል መናገር የተሳነው ሰው ከአንድ እስከ አሥር መቁጠር፣ «አቡነ ዘበሰማያት» ወይም «ቢስሚላህ» ማለት፣ የሚያውቀውን ዘፈን ከነቃሉ ማዜም የሚችልበት ጊዜ አለ። ባለሙያው ከዚህ ከቀረው ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ቦስተን ውስጥ የተቀረጸ አንድ ዘዴም አጫጭር ሐረጎችን በዜማና በእጅ ምት እያስባለ ቀስ በቀስ ወደ ተራ ንግግር ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ2016 የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ኮክሬን የተባለ ድርጅት 57 ጥናቶችንና ከ3000 በላይ ታካሚዎችን ያካተተ ግምገማ አውጥቶ፣ የንግግር ሕክምና አፌዥያ ያለባቸው ሰዎች በዕለት ኑሯቸው የመግባባት አቅማቸውን እንደሚያሻሽል አረጋግጧል። ለውጡ የሚፈጥነው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፤ ከዓመታት በኋላ የሚሻሻሉም ግን አሉ።

ከአንድ በላይ ቋንቋ በሚናገር ሰው ላይ ቋንቋዎቹ እኩል ላይጎዱ፣ እኩልም ላይመለሱ ይችላሉ። ቤት ውስጥ ኦሮምኛ፣ በሥራ አማርኛ የሚናገር ሰው በሁለቱም ሊፈተሽ ይገባል። በዋሽንግተን በእንግሊዝኛ ብቻ የሚመረመር ኢትዮጵያዊ አረጋዊ ጉዳቱ ከእውነተኛው የከፋ ሊመስል ይችላል፤ ቤተሰቡ አስተርጓሚ መጠየቅ አለበት።

በአገራችን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሙያውን በዲግሪ ማስተማር ቢጀምርም ባለሙያዎቹ ገና ጥቂት ናቸው። ስለዚህ የቤተሰብ ድርሻ ትልቅ ነው። ታካሚው መስማት አልተሳነውምና አትጩኹበት፤ አእምሮውን አልሳተምና እንደ ሕፃን አታናግሩት። ሬዲዮውን ዝጉና ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። «ምን ይፈልጋሉ?» ከማለት «አባባ፣ ሻይ ነው ውሃ?» ብሎ እያሳዩ መጠየቅ ይቀላል። ከዚያ ጠብቁ፤ ዝምታው ቢረዝምም ቃሉን ከአፉ አትንጠቁት። በእጁ ቢያመለክት፣ ቢሥል፣ ቢጽፍም ተናግሯልና ተቀበሉት። መልስ የሌለው ስለሚመስል ስለ እሱ በፊቱ መማከርና ውሳኔውን መንጠቅ የሚያደርሰው ቁስል ከበሽታው አያንስም።

ከሆስፒታል ከመውጣታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ መዋጡ ተመርምሯል ወይ? ችግሩ የጡንቻ ነው ወይስ የቋንቋ? ቤት ውስጥ በየቀኑ ምን እናለማምደው? ባለሙያ ካለ መልሱን ያሳያችኋል። ከሌለም ጥያቄው ሲደጋገም ነው ሆስፒታሎች ባለሙያውን መቅጠር እንዳለባቸው የሚያውቁት።